ተሽሏታል ወይስ ድናለች? ከወሊድ ጋር ስለሚመጣ የልብ ጡንቻ ሕመም ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ የጻፉት ጠያቂ ጉዳያቸውን እንዲህ አቅርበውታል። የ29 ዓመት እህታቸው ሁለተኛ ልጇን ከወለደች 5 ወር ሆኗታል። በአራስነቷ፣ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ትንፋሽ ያጥራት፣ በጀርባዋ መተኛት ያቅታት፣ እግሯም ያብጥ ጀመር። ጎረቤቱ «ብርድ ገብቷት ነው» እያለ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ደብረ ብርሃን ተወስዳ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ስትታይ የልቧ ደም የመርጨት አቅም 27 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ሕመሙም ከወሊድ ጋር የተያያዘ የልብ ጡንቻ ሕመም መሆኑ ተነገራት። ኢናላፕሪል በቀን ሁለት ጊዜ 2.5 ሚሊ ግራም፣ ሜቶፕሮሎል 25 ሚሊ ግራም፣ ስፓይሮኖላክቶንና ላሲክስ ታዘዘላት። ባለፈው ወር በተደገመው ኢኮ ቁጥሩ 41 ደርሷል። ጻድቃኔ ማርያም ሄዳ ተጠምቃለች፤ ዛሬ ውሃ ቀድታ ዳገት ትወጣለች። ቤተሰቡ «ከዳነች መድኃኒቱ ምን ያደርግላታል? ከጠበል ጋርም አይሄድም» ይላል። ጠያቂው መድኃኒቱን ማቆም ይቻል እንደሆነ፣ ደጋው ለልቧ ከብዶ ከሆነ ሸዋ ሮቢት አክስቷ ዘንድ መውረድ ይሻላት እንደሆነ፣ «ወተት የሚያደርቅ አዲስ መድኃኒት» ያድናት እንደሆነ፣ ሌላ ልጅ መውለድ ትችል እንደሆነ፣ በመጨረሻም ነገሩ በዘር የሚተላለፍ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ የመጀመሪያውን ልመልስ፤ መድኃኒቷን አታቁም። ምክንያቱን ለማስረዳት ከራሳችን ቋንቋ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። በአማርኛ «ተሻላት» እና «ዳነች» አንድ አይደሉም፤ የተሻለው ሰው ሕመሙ የቀለለለት ነው፣ የዳነው ደግሞ ሕመሙ የለቀቀው ነው። እህትዎ በእርግጥ ተሽሏታል፤ የዳነች መሆኗን ግን ዳገት መውጣቷም ሆነ 41 የሚለው ቁጥር አያሳይም።

ስለ ቁጥሩ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ጥቂት ልበል። ጤናማ ልብ እንኳ በአንድ ምት የያዘውን ደም ሁሉ አይረጭም፤ ከ55 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ያወጣና ቀሪው እዚያው ይቆያል። ስለዚህ 41 የሚለካው ከመቶ ሳይሆን ከ55 በላይ ካለው ጤናማ ልብ አንጻር ነው፤ ያኔ የነበረው 27ም «ሩብ ልብ ቀረላት» ማለት አልነበረም። ደግሞም በኢኮ የሚገኘው ቁጥር እንደ መሣሪያውና እንደሚለካው ባለሙያ ከ5 እስከ 10 ነጥብ ሊለዋወጥ ስለሚችል ነገ 39 ወይም 44 ቢባል ያ ብቻውን የሚያስደነግጥም የሚያስደስትም አይደለም። ከ27 ወደ 41 መውጣት ግን በመለካት ስሕተት የሚመጣ አይደለም፤ ልቧ በእውነት እየበረታ ነው።

«የልብ ድካም» የሚለው ቃልም ያደናግራል። በዜና ሰው በድንገት ሲሞት «በልብ ድካም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሚደርሰው አደጋ ነው። እኛ ሐኪሞች የልብ ድካም የምንለው ልብ ለሰውነት የሚበቃውን ደም መግፋት አቅቶት ውሃ በሳንባና በእግር ሲቋጠር ያለውን ሁኔታ ነው። ይህ ደግሞ በእኛ አገር የሽማግሌዎች ብቻ በሽታ አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ቴሰስ ኤች ኤፍ የተባለ ጥናት የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት መሆኑን፣ ዋናው መንሥኤም የደም ግፊት መሆኑን፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ ግን ከ8 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። በ180 ቀናት ውስጥ ወደ 18 በመቶ የሚጠጉት ሞተዋል። የልብ ጡንቻ ሕመም፣ በተለይም በእርግዝና መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚመጣው፣ በአፍሪካ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። እናቲቱ ከዚያ በፊት የልብ ችግር ሳይኖርባት ጡንቻው ይደክማል፣ ልቡ ይሰፋል፤ ሕዝቡ «ልቧ አብጧል» የሚለው ይህንን ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልግባ። ልብ ሲደክም ሰውነት ደም የፈሰሰው ይመስለዋል፤ ስለዚህ አድሬናሊን ይረጫል፣ በኩላሊት በኩል ጨውና ውሃ ይይዛል፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ለአንድ ሰዓት ቢሆን ይህ ሕይወት ያድናል፤ ለወራት ሲዘልቅ ግን የደከመን በሬ በጅራፍ እየገረፉ ገብስ ማሳ እንደ ማሳረስ ነው። በሬው ለጊዜው ይራመዳል፣ ከዚያ ይወድቃል። ሜቶፕሮሎልን የመሰሉት መድኃኒቶች ጅራፉን ይቀማሉ፣ ኢናላፕሪል ቀንበሩን ያቀልላል፣ ስፓይሮኖላክቶን ጨው መያዙንና ጡንቻው ወደ ጠባሳ መለወጡን ይገታል። ላሲክስ ግን የተጠራቀመውን ውሃ ያሸናል እንጂ ጡንቻውን አይጠግንም፤ ስለዚህ እብጠት ከሌለ ሐኪሙ ሊቀንሰው ወይም ሊያስቀረው የሚችለው እርሱን ነው። ቤተሰቡ «አንዱ እንኳ ይቀነስ» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ስለ ላሲክስ ከሆነ ትክክል ነው።

ይህ እውቀት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊን ቫግስታይንና ባልደረቦቹ በስዊድን ጎተንበርግ የልብ ጡንቻቸው ለደከመ 7 ሕሙማን የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት መስጠታቸውን ሲጽፉ ብዙዎች እብደት ነው ብለው ነበር፤ የደከመን ልብ ይበልጥ ማዝገም በዘመኑ ትምህርት ክልክል ነበረና። ሐሳቡ በትልልቅ ጥናቶች እስኪረጋገጥ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣውና 3,991 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ሜቶፕሮሎል ሞትን በ34 በመቶ ቀነሰ። ኢናላፕሪል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ልባቸው እጅግ በደከመ 253 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በ6 ወር ውስጥ የሚደርሰውን ሞት ከ44 ወደ 26 በመቶ አውርዷል። ስፓይሮኖላክቶንም እ.ኤ.አ. በ1999 ሞትን በ30 በመቶ ቀነሰ። እህትዎ የያዘቻቸው እንግዲህ ርካሽ ስለሆኑ ብቻ የሚሰጡ አይደሉም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥናት ግን የጠየቁትን ነገር በቀጥታ የሚመልስ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ እነግርዎታለሁ። በለንደን ያሉ ተመራማሪዎች ትሬድ ኤች ኤፍ ብለው በሰየሙትና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ባሳወቁት ሙከራ ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ የነበሩ፣ በሕክምና ግን ሙሉ በሙሉ ያገገሙ 51 ሰዎችን መረጡ። ሁሉም የመርጨት አቅማቸው ከ50 በመቶ ያላነሰ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ነበሩ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉና 25ቱ መድኃኒታቸውን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ አቆሙ፣ 26ቱ ቀጠሉ። በ6 ወር ውስጥ ካቆሙት 11ዱ፣ ማለትም 44 በመቶዎቹ፣ ሕመሙ አገረሸባቸው፤ ከቀጠሉት አንድም ሰው አላገረሸበትም። ከዚያ የቀጠሉት በተራቸው ሲያቆሙ እነርሱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሰዎች ከእህትዎ እጅግ የተሻሉ ነበሩ፣ ያቆሙትም በየጊዜው እየተለኩና እየተጠበቁ ነበር። እህትዎ ገና 41 ላይ ናት፤ ብታቆም የሚጠብቃት ደግሞ የ3 ወር ቀጠሮ ነው።

በእውነት ለመናገር ይህ ጥናት ሁሉንም አይዘጋም። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ከወሊድ ጋር የታመሙ እናቶች አልነበሩም፤ የእናቶች ሕመም ደግሞ ከሌሎቹ የልብ ጡንቻ ሕመሞች ይልቅ ሙሉ በሙሉ የማገገም ዕድሉ ሰፊ ነው። ከ49 አገሮች 739 እናቶችን በመዘገበውና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት በ6 ወር ውስጥ 46 በመቶ የሚሆኑት ልባቸው አገግሟል፣ 6 በመቶዎቹ ግን ሞተዋል። ስለዚህ የእህትዎ ቁጥር ከ55 በላይ ደርሶ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከጸና፣ አንድ አንድ መድኃኒት እያነሱና ኢኮ እየደገሙ መሞከር የሚታሰብ ነገር ነው። ያ ውይይት የዛሬ አይደለም።

የዛሬው ውይይት እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የጻፉልኝን መጠን ሳይ ያሳሰበኝ ማቆሙ ሳይሆን አለመጨመሩ ነው። ኢናላፕሪል 2.5 ሚሊ ግራም የመጀመሪያ መጠን ነው፤ በጥናት ጥቅሙ የታየው በቀን ሁለት ጊዜ ወደ 10 እና 20 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው። ሜቶፕሮሎልም ከ25 ተነሥቶ እስከ 200 ሊደርስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ስትሮንግ ኤች ኤፍ በተባለ ጥናት 1,078 ሕሙማን ተሳትፈው፣ ከሆስፒታል እንደ ወጡ በ2 ሳምንት ውስጥ መጠኑ በፍጥነት ከፍ ከተደረገላቸው መካከል በ180 ቀናት የሞቱት ወይም በልብ ድካም ተመልሰው የተኙት 15.2 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው አካሄድ ከታከሙት ግን 23.3 በመቶ ነበሩ። መጠኑን የሚጨምረው ሐኪሟ ነው፤ የደም ግፊቷን፣ የልብ ምቷን፣ በደም ምርመራ ኩላሊቷንና ፖታሲየሟን እያየ። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ሲወሰዱ ፖታሲየም ሊያሻቅብ ስለሚችል ይህ ምርመራ አይዘለል። የሜቶፕሮሎሉንም ካርቶን ይመልከቱልኝ፤ ለልብ ድካም ሞት እንደሚቀንስ የተረጋገጠው «ሰክሲኔት» የሚባለው በዝግታ የሚሟሟው ዓይነት ነው፣ «ታርትሬት» የሚል ከሆነ ለሐኪሟ ይንገሩ።

የጥንቃቄዬን ምንጭ ላውራዎት። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንደ እህትዎ ያለች አንዲት እናት እከታተል ነበር። እብጠቷ ጠፍቶ፣ ፊቷ በርቶ ስትመጣ ደስ ብሎኝ «አሁን ደህና ነሽ» አልኳት። ከ4 ወር በኋላ በሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ መጣች። መድኃኒቱን ለምን እንዳቆመች ስጠይቃት «ዶክተር፣ ደህና ነሽ ብለውኝ የለም?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነሽ» ብዬ አላውቅም፤ «ተሽሎሻል፣ መድኃኒቱ ይዞሻል» እላለሁ።

ስለ ጠበሉ የምናገረው እንደ አማኝም እንደ ሐኪምም ነው። ጻድቃኔም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ መጠመቅ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም፤ በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ካጣን በኋላ አባቶች ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በግልጽ አስተምረዋል። የንስሐ አባቷን ብታማክሩ ቤተሰቡን ከእኔ የተሻለ ያሳምናሉ ብዬ አምናለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው በጠበል ቦታ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጠጣት ነው፤ ልቧ ያን ያህል ውሃ ማስተናገድ አይችልምና ለቅምሻ ያህል ይበቃታል። ሁለተኛው በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆዩ የጠዋቱን መድኃኒት መዝለል ነው። የጾም ምግቡ ራሱ አይጎዳትም፤ ሽሮውና በርበሬው ላይ የሚበዛው ጨው ግን ይጎዳታል። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨውና ውሃ ስለሚይዝ ለእርሷ የተከለከለ ነው፤ ሕመም ቢኖራት ፓራሲታሞል ይሻላል።

«ወተት የሚያደርቀው» መድኃኒት ብሮሞክሪፕቲን ይባላል፤ ታሪኩም ይገርማል። ዴኒዘ ሂልፊከር ክላይነርና ባልደረቦቿ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2007 በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን በአንዳንድ እናቶች ልብ ውስጥ ተቆርጦ ትንሽ ቁራጭ እንደሚሆንና ያ ቁራጭ የልብን ደቃቅ የደም ሥሮች እንደሚጎዳ አሳዩ። ፕሮላክቲን ከቆመ ጉዳቱ ይቆማል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ 20 እናቶች የተሳተፉበት አነስተኛ ሙከራ ታተመ፤ ብሮሞክሪፕቲን የወሰዱት በ6 ወር ከ27 ወደ 58 በመቶ ሲወጡ ያልወሰዱት ከ27 ወደ 36 ብቻ ደረሱ። ቁጥሩ ያማልላል፤ ነገር ግን 20 ሰው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጀርመን ጥናት 63 እናቶችን ቢያሳትፍም ያወዳደረው የ1 ሳምንት ሕክምናን ከ8 ሳምንት ጋር እንጂ ካልወሰደች እናት ጋር አልነበረም። መድኃኒቱ ደም የማርጋት ስጋት ስላለው ከደም ማቅጠኛ ጋር ይሰጣል። ሕፃኑም ጡት ያጣል፤ የዱቄት ወተት በየወሩ መግዛትና ንጹሕ ውሃ ማግኘት በሚያስቸግርበት መንደር ይህ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ከሁሉ በላይ የተሞከረው ሕመሙ በተገኘበት ሰሞን ነው፤ 5 ወር አልፎ ልቧ በያዘችው መድኃኒት እየበረታ ላለች እናት እርሱን ፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ አይገባም። ልጇን ታጥባ፤ ኢናላፕሪልም ስፓይሮኖላክቶንም ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ። ቀድሞ ለስኳር የተሠራው ዳፓግሊፍሎዚን እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት 4,744 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ የልብ ድካም መባባስንና በልብ በሽታ መሞትን በ26 በመቶ ስለቀነሰ ለእርሷም ይጠቅማት ይሆናል፤ ማጥባት ካቆመች በኋላ ግን ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት መውረዱን አልመክርም። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ሕመሙ በተባባሰበት ጊዜ ይህ ያስቸግራል። ሕመሙን ያመጣው ግን ደጋው አይደለም፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ የተረጋጋች ሕመምተኛ በአየሩ ልትኖር ትችላለች። ጣርማበርን ተሻግራ ቆላ ብትወርድ ሙቀቱ ከላሲክስና ከኢናላፕሪል ጋር ተደምሮ ውሃዋን ያሟጥጥና የደም ግፊቷን አውርዶ ራሷን ሊያስታት ይችላል፤ ወባም አለ። ከአየሩ ይልቅ የሚያስፈልጋት መንገድ ያለበትና ጤና ተቋም ቅርብ የሆነ ቦታ ነው።

ሌላ ልጅን በተመለከተ መልሴ ለጊዜው «አይሆንም» ነው፤ ይህንን ለባሏ ጭምር ይንገሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመና ይህ ሕመም ይዟቸው ዳግም ያረገዙ 44 እናቶችን በመረመረ ጥናት፣ ልባቸው ሳያገግም ካረገዙት 44 በመቶዎቹ የልብ ድካም ምልክት ታየባቸው፣ 19 በመቶዎቹም ሞቱ። ልባቸው አገግሞ ካረገዙት አንድም አልሞተችም፤ 21 በመቶዎቹ ግን እነርሱም ታመዋል። በዚህ ላይ ኢናላፕሪል ፅንስን ይጎዳል። ስለዚህ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ትጠቀም፤ ኤስትሮጅን ያለበት ፒልስ ደም ስለሚያረጋ ለእርሷ አይሆንም።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ክትትል ቀላል ነው። ጠዋት ሽንት ወጥታ፣ ምግብ ሳትቀምስ ትመዘን፤ ሚዛን በቤት ከሌለ ጤና ኬላ ያለችው የኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብትሄድ ይበቃል። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረች፣ የምትተኛበት ትራስ ከአንድ ወደ ሁለት ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ከተነሣች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ። አንድ እግሯ ብቻ ቢያብጥና ቢያማት፣ አፏ ቢጣመም ወይም ክንዷ ቢዝል በዚያው ሰዓት ትሂድ፤ በደከመ ልብ ውስጥ ደም ይረጋልና።

የዘሩ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። እ.ኤ.አ. በ2016 በ172 እናቶች ላይ በተደረገ የዘረ መል ምርመራ 15 በመቶ የሚሆኑት የልብ ጡንቻን በሚሠሩ ዘረ መሎች ላይ መቆረጥ የሚያስከትል ለውጥ ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኛውም ታይቲን በተባለው ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ጥቂቶቹ እናቶች ሕመሙን በስውር ይዘው ኖረው እርግዝናው ገለጠባቸው፤ ለብዙዎቹ ግን ይህ ምክንያት አይደለም። የዘረ መል ምርመራ ባይገኝም ኢኮ ይበቃል። በቤተሰባችሁ በልጅነቱ በድንገት የሞተ ወይም «ውሃ ቋጥሮ» የሞተ ሰው መኖሩን እናታችሁን ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ደብረ ብርሃን ስትሄድም እናታችሁና እርስዎ አብራችሁ ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ታዩ።